አረንጓዴ ክር የታሰረባቸው ቢላዎች

ልጄ እቃ የሚያጥብ ማሽን ገዝቶ ከመጣ ወዲህ በቤታችን ክርክር አይጠፋም። የምንኖረው ልደታ ኮንዶሚኒየም ነው። ውሃው ሲፈልግ ይመጣል፣ መብራቱም እንደዚያው። ማሽኑ ግን ወጥ ቤቱን ሞልቶ ቆሟል። ባለፈው እሁድ ምሳ ከበላን በኋላ ልርዳ ብዬ ማንኪያውንም፣ ሹካውንም፣ ቢላውንም እጀታቸውን ወደ ላይ አድርጌ ማሽኑ ውስጥ ባለችው ቅርጫት ደረደርኩ። ምራቴ ሄለን መጥታ ቆማ አየችኝ።

«አባባ፣ ማንኪያና ሹካ እጀታው ወደ ታች ነው የሚሆነው። አለዚያ አይጠራም።»

«ቢላውስ?»

«ቢላው ብቻ ስለቱ ወደ ታች። እጅ እንዳይቆርጥ።»

«እንግዲያው ሁሉም እንደ ቢላው ይሁና።»

«ለምን?»

«እኔ የማውቀው እንደዚያ ነው።»

ሳቀችና አንድ በአንድ እየመዘዘች ገለበጠቻቸው። ሌላ ጊዜ ቢሆን እከራከራት ነበር። ያን ቀን ደክሞኝ ስለነበር ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚያ ተቀምጬ የጋሽ ታደሰ ልጅ ሰርግ ትዝ አለኝ።

ያኔ ጌጃ ሰፈር ነበር የምንኖረው። ጋሽ ታደሰ ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሯቸው። ትልቋን በጥር ዳሩ። ታናሿን፣ አልማዝን፣ የምፈልጋት እኔ ነበርኩ። እሷም ትፈልገኝ ነበር። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ለአባቷ ሽማግሌ ልልክ ተነጋግረን ጨርሰን ነበር።

በሰፈራችን ሰርግ ሲደገስ ወጣቱ ሥራ ይከፋፈል ነበር። አንዱ ድንኳን ይተክላል፣ አንዱ ውሃ ያመላልሳል። ለእኔ የደረሰኝ ቢላ ነበር። ይህ እንዲህ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። ቁርጥ ለሚበላ እንግዳ ሁሉ ቢላ ያስፈልጋል፣ የመጀመሪያው ተረኛ በልቶ ሲነሳ ለቀጣዩ አጥቦ ማድረስ ነው። ደግሞም በሬው ሁለት ነው። አንዱ ለክርስቲያኑ፣ ሌላው በሙስሊም እጅ የታረደው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን። ሥጋው እንደሚለየው ሁሉ ቢላውም ይለያል። ቢላዎቹ ግን ሁሉም የእድሩ ናቸው፣ አንድ ዓይነት የእንጨት እጀታ ያላቸው። ስለዚህ ለሙስሊሞቹ በተመደቡት እጀታ ላይ አረንጓዴ ክር አስሬ፣ ለየብቻ ጣሳ ውስጥ ስለታቸውን ወደ ታች አድርጌ አቆምኳቸው። ክሩ ከላይ ይታያል፣ የሚሳሳት የለም።

የመጀመሪያው ተረኛ ተነሳ። ከጓሮው የወጥ ቅመምና የእርጥብ ጭቃ ሽታ ይመጣል፣ የጥር ፀሐይ ድንኳኑን አግሎታል። እኔ ወንበር ተሸከም ተብዬ ትንሽ ዞር አልኩ። ስመለስ በምጣዱ በኩል ሆነው ሥራውን ሲያዙ የነበሩት እትዬ ዘነበች የሁለቱንም ጣሳ ቢላ አንድ ባልዲ ፈልቶ የወረደ የሳሙና ውሃ ውስጥ ዘቅዝቀውታል። እጀታው ወደ ታች፣ ስለቱ ወደ ላይ።

«እትዬ፣ ምን አደረጉ?»

«ጮማው ስለቱ ላይ ደርቆ፣ አንተ ስለቱን ወደ ታች ስትነክረው ዝቃጩ ውስጥ ይቀመጣል። እኔ ገለበጥኩልህ። ክር አለው አይደል እንዴ፣ ይለያል።»

እጄን ሰደድኩ። ክሩ በጮማና በሳሙና ላልቶ ወልቆ፣ ውሃው ላይ እንደ ጎመን ይንሳፈፋል። የቱ የማን እንደነበር ለማወቅ አይቻልም።

በዚያው ሰዓት ሐጂ ከድር ሰግደው ከቤተሰባቸው ጋር ገቡ። ሐጂ ከድር ከወሎ መጥተው አብነት ሰፈር ልብስ የሚሰፉ፣ የጋሽ ታደሰ የግድግዳ ጎረቤት ናቸው። የሙሽራዋን የሕፃንነት ቀሚስ የሰፉት እሳቸው ናቸው።

«በፈላ ውሃ ታጥቧል» አሉ እትዬ ዘነበች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከዚህ በላይ ምን ይሆናል? አፍህን ዝጋና አድርስ።»

አልማዝ ሳህን ይዛ ስትመጣ ሰማች። ፊቷ ተለወጠ።

«አባቴን ታውቀዋለህ» አለችኝ። «አማቶቹ ፊት ቢዋረድ አይረሳልህም። ለእኔ ስትል ዛሬ ዝም በል።»

ባልዲውን አየሁት። እሷንም አየኋት። ከዚያ እጄን ጠረግሁና ድንኳን ገብቼ ሐጂ ከድር ጆሮ ላይ ጎንበስ አልኩ።

«ሐጂ፣ ቢላው ተቀላቅሏል። እንዳይነኩት።»

ቀና ብለው አዩኝ። ምንም አልተቆጡም።

«እንግዲህ ጥርስ ለምን ተሰጠን» አሉና ወደ ዘመዶቻቸው ዞሩ። «ቁርጡ ይቅር፣ ወጡ ይበቃናል። ጥርስ የሌለው ደግሞ መረቁን ይጠጣ።»

ሳቁ። ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ጋሽ ታደሰ ግን እንግዳ እያስተናገዱ ሲዞሩ ቁርጡ ሳይነካ አዩ።

«ሐጂ፣ በሬዬ ምን ጎደለው? ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው የመረጥኩት።»

ሐጂ ከድር ሊያልፉት ሞከሩ። ከአጠገባቸው የተቀመጠ ዘመዳቸው ግን «ቢላ ተቀላቅሎ ነው» አለ። የሙሽራው አባትም ሰሙ። ጋሽ ታደሰ ፊታቸው ጠቆረ። ማን እንደተናገረ ለማወቅ ሩቅ አልሄዱም።

ከግንቦት ልደታ በኋላ ሽማግሌ ላክሁ። አንዱ ሽማግሌ ሐጂ ከድር ራሳቸው ነበሩ፣ ሳልለምናቸው ነው የሄዱት። የተባባሉትን በኋላ ነገሩኝ።

ጋሽ ታደሰ «ልጁን አልጠላሁትም» አሉ። «ግን ቤቴ ውስጥ ቆሞ ከእኔ በፊት ለሌላ ሰው የሚናገር አማቼ አይሆንም።»

«ለሌላ ሰው እኮ አይደለም የነገረው» አሉ ሐጂ ከድር። «ሊበላ ለተቀመጠው ነው የነገረው።»

ሽማግሌዎቹ ደግመው ሄዱ። መልሱ ያው ነበር። አልማዝን ለናዝሬት ሰው ዳሯት። ከመሄዷ በፊት አብነት መንገድ ላይ አገኘኋት፣ ክረምቱ ገብቶ ያካፋ ነበር።

«አንድ ቀን ዝም ብትል ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«ሰውዬው ሊበሉበት ነበር እኮ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አለችና ጃንጥላዋን ዘርግታ ሄደች።

ይኸው ነው። እኔም በኋላ ደህና ሚስት አገባሁ፣ ልጅ ወለድኩ፣ ሚስቴንም ቀበርኩ። ጌጃ ሰፈርም አብዛኛው ፈርሶ ሰዉ ተበተነ። ሐጂ ከድር ቢሾፍቱ መንገድ ልጃቸው ጋ ሄደው እዚያ አረፉ አሉ። ቀብራቸው ያለፈኝ የሚነግረኝ ሰው ጠፍቶ ነው።

አሁን ከበራችን ፊት ለፊት ሌላ በር አለ። ሰዎቹ ከገቡ ቆይተዋል። ደረጃ ላይ ስንገናኝ «ደህና ዋሉ» ይሉኛል፣ እኔም እመልሳለሁ። ክርስቲያን ይሁኑ ሙስሊም፣ ምን እንደሚበሉ፣ በምን እንደሚቆርጡ አላውቅም። እነሱም የእኔን አያውቁም። ያኔ ልክ ነበርኩ፣ ዛሬም ልክ ነበርኩ እላለሁ። ማሽኑ ከወጥ ቤት ያጉረመርማል፣ ሄለን ቢላዎቹን እንደፈለገች ደርድራቸዋለች። ጎንበስ ብዬ በጆሮው የምነግረው ሰው ግን በዚህ ሕንፃ ውስጥ የለኝም።