ወደ መጋረጃው የተነገረ ተረት

ልጅ ሳለሁ ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ እንኖር ነበር። እናቴ ወንድሜን ስትወልድ ታላቅ እህቷ እትዬ ሙሉ ልታርሳት ከሀና ማርያም መጣችና እኛው ጋ ሰነበተች። መብራት አዘውትሮ የሚጠፋበት ጊዜ ስለነበር፣ ሲመሽ ሻማ አብርታ፣ ገንፎ ያበሰለችበትን የከሰል ፍም አመድ አልብሳ፣ ተረት ትነግረኝ ነበር። ትነግረኝ ነበር እላለሁ እንጂ ፊቷን ወደ እኔ አታዞርም፤ በርጩማዋን ሁልጊዜ የምታስቀምጠው እናቴ ከተኛችበት ክፍል መጋረጃ ፊት ለፊት ነበር። «ተረት ተረት» ስትል «የላም በረት» ብዬ እጮኻለሁ። እሷ ግን ወዲያው አትጀምርም። ሌላ የሚመልስ ሰው ያለ ይመስል ጆሮዋን ጥላ ትቆያለች። ያኔ ይህ መቆየቷ በጣም ያናድደኝ ነበር፤ የተኛ ሰው ምን ይመልሳል?

እናቴ ግን አትተኛም ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ ዓይኗን ገልጣ ትውላለች፣ ታድራለች። ወንድሜን ሲያስታቅፏት ታጠባዋለች፤ ታየዋለች ለማለት ግን ይቸግረኛል። አራስ ሊጠይቅ የመጣ ሁሉ ብርድ መቷት ነው አለ። አባቴም መስኮቱን ዘጋ፣ ቀዳዳውን በጨርቅ ወተፈ፣ ጋቢ ደራረበባት። ተልባው፣ አጥሚቱ፣ የበግ ሾርባው እንደቀረበ ይመለሳል። ያንን ሁሉ ያደረግነው ወደናት ነበር፤ ክፍሉ ግን ይበልጥ ጨለመ።

አንድ ምሽት እትዬ ሙሉ ተረቷን ሳትጨርስ እናቴ ጠራቻትና፣ «እትዬ፣ ልጁን ውሰጅውና አሳድጊው። እኔ አልሆነውም» አለቻት። ድምፅዋ ውስጥ ለቅሶ እንኳ አልነበረም፤ እኔን ያስፈራኝም እሱ ነው።

በማግስቱ የወንድሜ የክትባት ቀን ነበር። እትዬ ሙሉ እናቴን አልብሳ፣ ደግፋ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደቻት፤ እኔም ቤት የሚጠብቀኝ ሰው ስላልነበረ ተከተልኳቸው። ነርሷ ሕፃኑን መዝና ከወጋችው በኋላ ቀና ብላ እናቴን አየቻት።

«እህቴ፣ አንቺስ እንዴት ነሽ? እንቅልፍ ይወስድሻል?»

የእናቴ እንባ ወረደ። እትዬ ሙሉ ሕፃኑን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ ለማንም እንደማትናገር ሆና፣ «እኔን እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም» አለች።

ነርሷ ይህ ከወሊድ በኋላ የሚመጣ የአእምሮ ሕመም ሊሆን እንደሚችል፣ እንደሚታከምም ነግራ ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው። አባቴ ሰው ምን ይለናል ብሎ አመነታ፤ ጠበል ይቅደም አለ። እትዬ ሙሉ ጠበሉን አልከለከለችም፤ ሐኪሙ ግን ነገ ዛሬ የሚባል አይደለም ብላ ራሷ ይዛት ሄደች። መድኃኒቱ ቶሎ አልሠራም፤ ክረምቱ ገብቶ እስኪወጣ ጠበቅን። ከዚያ አንድ ማታ «ተረት ተረት» ስትል፣ እኔ ከመጮኼ በፊት፣ ከመጋረጃው ወዲያ ቀጭን ድምፅ «የላም በረት» አለ። እትዬ ሙሉ በነጠላዋ አፏን ያዘች። ያን ማታ ተረት አልነበረም።

እናቴ ዳነች፤ ወንድሜንም አሳደገችው። ስለ እህቷ የነገረችኝ ግን እትዬ ሙሉን ከቀበርናት በኋላ ነው። እትዬ ሙሉ በወጣትነቷ፣ አገር ቤት፣ ሴት ልጅ ወልዳ ልክ እንደ እናቴ ሆና ነበር። አብዳለች ተባለ። የባሏ ዘመዶች ሕፃኗን ከእቅፏ ወሰዱ፤ ከተሻላት በኋላም አልመለሱላትም።

ዛሬ የጅቡንም የአህያዋንም ተረት አሳክሬ ነው የማስታውሰው፤ ጆሮዋን ጥላ መጠበቋ ግን ከእኔ ጋር ቀርቷል። እሷ የታመመች ጊዜ ደጇ ላይ ቁጭ ብሎ መልሷን የጠበቀ አልነበረም። ልጇን ዳግመኛ አይታት ታውቅ እንደሆነ እናቴን ጠየቅኳት። አላየቻትም። ያን ሁሉ ተረት እያወቀች፣ ለልጇ አንዱን እንኳ ሳትነግራት ሞተች።