ከበሩ ጀርባ ያለው ጥግ

ከሆስፒታል ሲመልሱኝ የእስር ክፍሏን እንደ አዲስ አየኋት። ከማስተምርበት ኮሌጅ በር ላይ ይዘው ያመጡኝ ዕለት ያየሁት ግድግዳዋን ብቻ ነበር፤ ሰቆጣ ውስጥ ድሮ የእህል መጋዘን የነበረች፣ እስካሁን ማሽላ ማሽላ የምትሸት የድንጋይ ቤት። አሁን በሆዴ ለካኋት። የውኃው በርሜል ደጅ ነው፤ ጄሪካኑን አጎንብሶ ማንሳት ግድ ይላል። በሩ ጠባቂዎች የሚያዩበት ቀዳዳ አለው። ከቀዳዳው የሚሰወረው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ ከበሩ ጀርባ ያለው ጥግ።

እዚያ አንዲት ነፍሰ ጡር ተኝታለች።

ከመታሰሬ በፊት በሕመም ምክንያት አንጀቴ ሆዴ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲወጣ ተደርጓል። ሐኪሞች ስቶማ ይሉታል፤ ሰገራው ቆዳ ላይ በሚለጠፍ ከረጢት ይጠራቀማል። እስር ላይ ሳለሁ አፉ ጠበበና በትንሽ ቀዶ ጥገና አሰፉልኝ። የሐኪሙ ትእዛዝ ግልጽ ነበር፤ ለአንድ ወር ተኩል ከባድ ነገር አለማንሳት፣ አለማጎንበስ፣ በየቀኑ ጥቂት መራመድ፣ ከረጢቱን ሳይቸኩሉ በንጹሕ ቦታ መቀየር። አለዚያ ስፌቱ ይለቃል። ስፌቱ ቢለቅ ዳግመኛ ሆስፒታል እንደማይወስዱኝ አውቅ ነበር።

ስለዚህ ዕቅድ አወጣሁ። ሥራና መኝታ የሚደለድሉት የክፍሉ ካቦ ዕድሜያቸውን በጠላ ሽያጭ የገፉ አሮጊት እስረኛ ነበሩ። አጠገባቸው ተቀምጬ በቅደም ተከተል አስረዳኋቸው፤ መጀመሪያ ከግድግዳ ግድግዳ እራመዳለሁ፣ ስበረታ ግቢውን እዞራለሁ፣ በውኃ ተራዬ ፈንታ ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። ጥጉ ደግሞ ይሰጠኛል።

«ውኃውስ ይቅርልሽ፤ ጥጉ የሷ ነው» አሉኝ።

«እሷ ከረጢት አትቀይርም፣ እማማ።»

«እርጉዝ ናት፣ መምህርት። ሽታ ያስወርዳታል። አንቺ እበሩ ሥር ሁኚ፤ ነፋሱ ይወስደዋል።»

በዚያ ክፍል ይህ ሕግ ነበር። እርጉዝ ሴት የሸተታትን ምግብ ካልቀመሰች፣ ክፉ ሽታም ካገኛት፣ ፅንሷ አይቆምም። ስለዚህ ባልደረባዬ ለማገገሚያ ከምትልክልኝ እንቁላል የመጀመሪያው ጉርሻ የሷ ነበር። ሁለታችንም በሆዳችን የተነሣ ሸክም ተከልክለናል። የሷ ሆድ ሲንቀሳቀስ ሴቶቹ እጃቸውን ያሳርፉበታል። የኔ ሲያጉረመርም ፊታቸውን ያዞራሉ። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፤ ባሏን ፈልገው ሲያጡት ነው እሷን ከአበርገሌ ያመጧት። እንደዚያ የቀናሁበት ሰው የለም።

በማግስቱ ጠዋት እበሩ ሥር ሆኜ ከረጢቱን ለመቀየር ቀሚሴን ገለጥኩ። የበሩ ቀዳዳ ላይ ዓይን መጣ። ሸፈንኩ። ሄደ፤ ገለጥኩ፤ ተመለሰ። የሞላው ከረጢት ከጎኑ መልቀቅ ጀመረ፤ የሚወጣው ፈሳሽ ቁስሉን እንደ ሚጥሚጣ ይለበልበው ነበር።

ነፍሰ ጡሯ ግድግዳውን ተደግፋ ተነሣች።

«ተቀመጭ አንቺ፣ ሽታው ያገኝሻል!» ካቦዋ ተቆጧት፤ ቀጥለውም በአገውኛ አንድ ነገር አከሉ።

«ከፍየል ጋር ነው ያደግሁት፣ እማማ። ይሄም ልጅ ከፍየል ጋር ነው የሚያድግ፤ ካሁኑ ይልመደው።»

ጋቢዋን በሁለት እጇ ዘርግታ በኔና በቀዳዳው መካከል ቆመች።

«አንቺ፣ ከበሩ ዘወር በይ» አለ ጠባቂው።

«ስቀመጥ እግሬ ያብጣል፣ ወንድሜ። ከወደቅሁ አንተው ነህ የምታዋልደኝ።»

ሴቶቹ ሳቁ። የጠባቂው እርምጃ ራቀ።

«ይቀይሩ እትዬ» አለችኝ ሳትዞር። «እንደኔ ሰፊ በር አያገኙም።»

አላመሰገንኳትም። የባሰ ቀናሁ፤ እኔ ብናገረው የሚያስመታኝን ቃል እሷ በሆዷ ተከልላ ተናገረችው። ሆኖም አልቸኮልኩም። ቆዳውን አጠብኩ፣ አደረቅኩ፣ ስፌቱን አንድ በአንድ አየሁ፣ አዲሱን ለጠፍኩ። ቁስሉ እስኪያገግም ድረስ ጠዋት ጠዋት እንዲሁ ሆነ። በዕቅዴ ውስጥ ያልነበረው ብቸኛ ነገር የሷ ጋቢ ነበር፤ ስፌቱን ያቆየውም እሱ ነው።

ወሯ ሲገባ ለቀቋት። ጥጉን ካቦዋ ለኔ ሰጡኝ። በነጋታው ግን ከረጢቱን ይዤ የቀድሞ ቦታዬ ላይ፣ እበሩ ሥር ቆምኩ። ዓይኑ መጣ።

«ፊትህን አዙር» አልኩት፤ ለተማሪ በምናገርበት ድምፅ።

ዓይኑ ዘወር አለ። ቀዳዳው በራ።

ወንድ ልጅ እንደወለደች፣ ባሏም እንደተመለሰ ከተፈታሁ በኋላ ሰማሁ። ቀናሁ። ዛሬ የመታጠቢያ ቤቴ በር ቁልፍ አለው፤ ሁልጊዜም እቆልፈዋለሁ። ከረጢቱን ስቀይር ግን ከበሩ ራቅ ብዬ እቆማለሁ፤ በኔና በበሩ መካከል አንድ ሰው፣ ሰፊ ሰው፣ ጋቢ ዘርግቶ የሚቆምበትን ያህል።