እንቅልፍ በላው

እኛ አገር፣ ከቆቦ ወደ ቆላው ወረድ ሲባል፣ ለመሬት ስም የሚያወጣለት ባለቤቱ አይደለም፤ የጎረቤት ምላስ ነው። ጎርፍ ሞልቶ ሰርገኛ የመለሰበት ወንዝ «ሙሽራ መላሽ» ተባለ። የአፋር ነጋዴ ግመል የወደቀበት ዳገት «ግመል ጣይ» ሆነ። የአባቴ ማሳ ደግሞ «እንቅልፍ በላው»።

ከደጋ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፈን ማሳ የምናጠጣው በተራ ነው። እኔ ሳልወለድ፣ አባቴ ተራው በደረሰ ቀን ድንበራችን ላይ በነበረው የቁርቁራ ዛፍ ጥላ ስር ጋደም አለ። ውሃው አልፎት ሄደ። ማሽላው ሳያፈራ ቀረ፣ ስሙም በዚያው ተለጠፈ። እንዲህ ያለ ስም ግን ባለቤቱ ፊት አይጠራም፤ ነውር ነው። ትምህርት ቤት «የእንቅልፍ በላው ልጅ» ያሉኝን ስንቱን ፈንክቻለሁ!

የመሬት ደብተር ሊሰጥ መዝጋቢዎች ሲመጡ አባቴን አሞት ስለነበር እኔ ሄድኩ። «የቦታው ልዩ ስም?» አለኝ አንዱ። «ለምለም» አልኩት። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሽ። ለማንም አልተናገርኩም።

ዘንድሮ አዋሳኛችን ድንበር አልፎ ዛሬ ጉቶው ብቻ ከቀረው ከቁርቁራው ወዲህ አረሰ። ሽማግሌዎች ማሳው ላይ ተሰበሰቡ፣ የቀበሌው ሰው ደብተሩን አነበበ።

«ለምለምን የሚያውቅ አለ?»

ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። የት እንደተቀመጡ ያውቃሉ፤ አባቴ ፊት ግን ትክክለኛውን ስም ማን ይጥራ? አዋሳኛችን ፈገግ አለ። «እንግዲህ የነሱ መሬት ሌላ ቦታ ይፈለግላቸዋ።»

በእኔ ጦስ መሬታችን ሊሄድ ነው። 

አባቴ ከዘራውን ተደግፎ ተነሳ። «ይህ መሬት እንቅልፍ በላው ነው» አለ። ያንን ስም ከአፉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። «እንቅልፍ የበላውም እኔን ነው። እዚህ ጉቶ ስር ተኝቼ ውሃ አመለጠኝ፤ ልጆቼ ያን ዓመት ተራቡ። የራሴን ውሃ ስጠብቅ የተኛሁት በራሴ መሬት ነው።»

ሽማግሌዎቹ አንድ በአንድ «እውነት ነው» አሉ። ድንበሩም ጉቶው ላይ ጸና።

አባቴ ትከሻዬን ተደግፎ ወደ ቤት ሄድን። ደብተሩ ላይ ስላስጻፍኩት ስም አንዲት ቃል አላነሳብኝም። ቢሰድበኝ በተገላገልኩ።