እህቴ ከኅብረት የታገደች ዕለት

እናቴ ስለ ወንድና ሴት ነገር ትንፍሽ ብላልኝ አታውቅም። እኔን የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች መርጠው ለአንድ የቦዲቲ ልጅ ዳሩኝ፤ እስከ ሠርጌ ቀን ድረስ ከባሌ ጋር ብቻችንን ቁጭ ብለን አላወራንም። እንዴት ነው ነገሩ ብዬ የምጠይቀው ሰው እንኳ አልነበረኝም።

ታናሽ እህቴ ግን የፀረ ኤድስ ክበብ ልጅ ነበረች። ሶዶ እኔ ቤት ሆና ኮሌጅ ስትማር፣ ቦይና የሚባለውን ሥር ቀቅለን ከበን እየበላን ስለ ኮንዶም ታወራለች። እናቴ ከጉኑኖ ልትጠይቀን የመጣች ጊዜ ይህንኑ ሰምታ «ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች» አለችና ፊቷን አዞረች። እኔ ሳቅሁ። ይቺስ ከኛ ትሻላለች፣ ዓይኗን ገልጣ ወዳ ታገባለች አልኩ። ሞኝ ነበርኩ።

በሃያ ዓመቷ አረገዘች። ያ ሁሉ ትምህርት የት ገባ ብዬ ጮህኩባት። «ኮንዶም እኮ ለማያምኑት ሰው ነው» አለችኝ። ያመነችው በመዘምራን አብሯት የሚያገለግለውን ኪቦርድ ተጫዋች ነበር። ሽማግሌዎቹ ሁለቱንም ጠርተው ጠየቁ። እሱ እጄ የለበትም ብሎ ካደ። እሷ ግን ሐሳቡን ይለውጣል፣ «የኔ ነው» ይላል ብላ መጠበቋን አልተወችም።

እሑድ ስሟ በጉባኤ ተነበበ፤ በዝሙት ምክንያት ከኅብረት መታገዷ ተነገረ። እሱ ኪቦርዱ ኋላ እንደተቀመጠ ነው። ማስታወቂያው ሲያልቅ መዝሙር ጀመረ፤ ምእመኑም አጨበጨበ።

ቤት ስንገባ፣ ለዚሁ ጉዳይ የመጣችው እናቴ በሩን ዘግታ እህቴን አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። አስገድዶሽ ነው?»

«አይደለም እማዬ። ወድጄው ነው።»



«አስገድዶሽ ቢሆን ይሻልሽ ነበር» አለች እናቴ። «እኔን አባታችሁ ከገበያ ስመለስ ጠልፎ ነው የወሰደኝ። በማግስቱ ሽማግሌ ላከ፤ ካሳ ከፈለ፤ አጠፋሁ ብሎ አባቴ እግር ላይ ወደቀ፤ አገባኝ። ወድጄ ነው ላለችማ ማን ሽማግሌ ይልካል?»

ይህን ነግራን አታውቅም ነበር። እህቴ ወደ እኔ ዞረች። እማዬ ተሳስታለች እንድላት ፈልጋ ነው። እማዬ ግን አልተሳሳተችም።