የማቆሚያው ቁልፍ ተራ

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ዲላ የተመደብኩ የኤሌክትሮኒክስ ቴክኒሻን ነበርኩ። በከተማው ኮምፒውተር ከፍታ የምትገጥም ሴት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም፤ ይህንንም ሰው እንዲረሳው አልፈልግም ነበር።

ኮንጋ አካባቢ ላለ አንድ ቡና መፈልፈያ አዲስ ማሽን መጣ። ማሽኑን የምታዝ፣ የጫማ ካርቶን የምታህል ኮምፒውተርም አብራ መጣች። ውሃውን ትቆጣጠራለች፣ የሞተሩን ፍጥነት ትለካለች፣ በየጊዜው ሪፖርት ታትማለች፤ ቀዩ የማቆሚያ ቁልፍ ሲነካ ደግሞ ሞተሩን ታቆማለች። ለአራት ሥራ ያላት ጭንቅላት አንድ ስለሆነ ውስጧ ተራ የሚሰጥ ፕሮግራም አለ። አብሯት የመጣው መጽሐፍ ከርነል ይለዋል፤ እኔ ለሰው ሳስረዳ አውቶቡስ መናኸሪያ እንዳለው ዓይነት ተራ አስከባሪ ነው እል ነበር። የእኔ ድርሻ ቁልፉ ሲነካ ማሽኑ ምን ያህል ፈጥኖ እንደሚቆም ፈትኜ "ደህና ነው" ብዬ መፈረም ነው።

ማሽኑን የሚያንቀሳቅሱት ጋሼ የምላቸው የጌዴኦ ሰው ነበሩ። የድሮው መፈልፈያ የቀኝ እጃቸውን ሁለት ጣቶች በልቶባቸዋል። በመጪው ወቅት አዲሱ ማሽን አፍ ላይ ቆማ እሸት ቡና የምትጨምረው ደግሞ የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ናት። ስለዚህ ፈተናውን የሚያዩት በእኔ ዓይን አልነበረም።

ኦሲሎስኮፕ የሚባለውን የኤሌክትሪክ ምልክት መለኪያ ተውሼ፣ ቁልፉ ከተነካበት ጀምሮ ከጎኑ ያለው የማቆሚያ መብራት እስኪበራ ያለውን ጊዜ መቶ ጊዜ ለካሁ። ዓይን እስኪርገበገብ እንኳ አይፈጅም። ደረቴን ነፍቼ ወረቀቱን አሳየኋቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ።

"መብራቱ 'መጣሁ' ይላል እንጂ አልመጣም" አሉኝ።

"እንዴት ማለት ጋሼ?"

"እናንተ ስትወጡ 'መጣሁ' ትላላችሁ አይደል? ሰው ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። እናንተ ገና መሄዳችሁ ነው።"

ተናደድኩ። አማርኛን በጎልማሳነታቸው የተማሩ ሰው አማርኛዬንም ሥራዬንም በአንድ አፍ ሲያርሙኝ ደስ አላለኝም። ግን ልክ ነበሩ፤ መብራቱ የሚያውቀው ቁልፉ መነካቱን እንጂ ሞተሩ መቆሙን አይደለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የተባለው ለእኔ ነው።

ቡናው ገና አልቀላም። ጋሼ ጓሮ ገብተው ከእንሰት ቅጠል መሐል ወፍራሙንና ለስላሳውን ዘንግ ቆርጠው መጡ። በአንድ እጃቸው ዘንጉን ወደ ማሽኑ አፍ ሰደዱ፣ ማሽኑ ሲነክሰው በሌላው ቁልፉን ተጫኑ። ጫፉን ብቻ ቀመሰና ቆመ። ደጋግመን ሞከርን፤ ያው ነው። "አዩ?" ልላቸው አፌን ስከፍት ማተሚያው ሪፖርቱን ማንጫጫት ጀመረ፤ እሳቸውም በዚያው ቅጽበት ዘንጉን ሰደዱና ቁልፉን ተጫኑ። መብራቱ ወዲያው በራ። ማሽኑ ግን መብላቱን ቀጠለ። ተራ አስከባሪው ሪፖርቱ ታትሞ እስኪያልቅ ቀዩን ቁልፍ የቀበሌ ሱቅ ስኳር ሰልፈኛ አድርጎ አቁሞታል።

ጋሼ የተረፈውን ዘንግ ካልተነካ እኩያው ዘንግ አጠገብ አጋደሙት።

"የጎደለው ስንት ይሆናል?"

"አንድ ክንድ" አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት።

የፓርቲው ተጠሪ ማሽኑ ለአብዮት በዓል እንዲመረቅ ቸኩሏል። "ከስንት አንዴ ለሚሆን ነገር ሥራ ታቆሚያለሽ?" አለኝ።

"ልጅቷ ያላት ክንድ ሁለት ብቻ ነው" አልኩት። ለእንደሱ ያለ ሰው እንዲህ መመለስ በዚያ ዘመን ያስፈራ ነበር። ፊቱን አጥቁሮ ወጣ።

ሦስት ቀን ፕሮግራሙ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። በቀበሌ ሰልፍ እንኳ ነፍሰ ጡር ስትመጣ ሰው ገለል ብሎ ያሳልፋታል። ያንን ደንብ ነው ለተራ አስከባሪው ያስተማርኩት፤ ቀዩ ቁልፍ ሲመጣ ሪፖርቱን ፊደል መሐልም ቢሆን ያቁም።

በአራተኛው ቀን ማተሚያው እየተንጫጫ እንሰቱን ሰደድን። ማሽኑ ነከሰና ቀጥ አለ። ዘንጉን አውጥቼ ለካሁት።

"አንድ ጣት ብቻ!" ብዬ እንደ ልጅ ዘለልኩ።

ጋሼ አልዘለሉም። ዘንጉን ተቀብለው በዚያች ባለ ሦስት ጣት እጃቸው ላይ አጋደሙትና ቀና አሉ።

"ብቻ?" አሉኝ፤ ቁጣ የለበትም።

እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። የቱንም ያህል ብታፈጥነው ቁልፍ የሚነካው እጅ ከተያዘ በኋላ ነው። ያልፈረምኩትን ወረቀት አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። የሚያስፈልገው ቡና የሚያሳልፍ፣ እጅ የማያሳልፍ የብረት ፍርግርግ ነው፤ የማውቀው በያጅ ደግሞ ያለው ዲላ ነው። የማሽኑን አፍ በገመድ ለካሁና ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

"መጣሁ ጋሼ!" አልኩ፣ ሳላስበው።

በማግስቱ ፍርግርጉን በትከሻዬ ተሸክሜ ስመለስ ማሽኑ አጠገብ ቁጭ ብለዋል። ብድግ ብለው ብረቱን ተቀበሉኝ።

"መጣሽ" አሉኝ።