«ድመት መጣች» የተባለው ጨዋታ

እፀገነት ጨርቁን ለብ ባለ ውሃ ነክራ ትጨምቀዋለች። ግድግዳው ላይ ከተለጠፉት ካርቶኖች በአንዱ ላይ ተጭና ትይዘዋለች። የዱቄት ሙጫው ሲርስ ጥጉን በጥፍሯ ታነሳና ቀስ አድርጋ ወደ ታች ትልጠዋለች። ግድግዳው ላይ የቀረውን ነጭ ቅርፊት በማንኪያ እጀታ ትፍቀዋለች። ካርቶኑ ላይ በደረታቸው የተኙ አይጦች ተሥለዋል። ለአራት ቀድዳ ምድጃ ውስጥ ትከተዋለች።

ይህ ሞጣ ውስጥ ያለ አንድ የሕፃናት ማቆያ ነው። ልጆቹ ፊደል ገና አልለዩም፤ ውሏቸውን የሚያውቁት ከግድግዳው ሥዕል ነው፦ እጅ መታጠብ፣ ጭቃ ማድቦልቦል፣ ምሳ፣ እንቅልፍ፣ ግቢ ውስጥ ሩጫ። የሚያሯሩጠውን ከሚያረጋጋው እያፈራረቀች የምትደረድረው እፀገነት ናት። ቢቸና ያደገች፣ በሕፃናት አያያዝ የሠለጠነች ሞግዚት ናት።

አይጦቹ የተለጠፉት ተኩስ ከተማ ውስጥ መግባት ሲጀምር ነው። በመጀመሪያው ጊዜ ልጆቹ እየጮሁ ወደ በሩ ሮጡ፤ በሩ ደግሞ በቀጥታ መንገድ ላይ ያወጣል። ተኙ ብላ ብትቆጣ ባሰባቸው። ስለዚህ ጨዋታ አደረገችው። ጧ ሲል ድመት መጣች ማለት ነው፤ አይጦቹ መሬት ላይ ልጥፍ ብለው ዝም ይላሉ፤ እሷ «ሄደች» እስክትል ላልተንቀሳቀሰ ይጨበጨብለታል። ትሪ በማንኪያ እየመታች፣ አጠር አድርጋ፣ እያሞገሰች በየቀኑ አለማመደቻቸው። ሙያው የሚለውም ይህንኑ ነው። ሠራም። ጥይት መስኮቱን ሰብሮ በገባ ቀን ሁሉም ወለሉ ላይ ነበሩ፤ አንድም ልጅ አልተነካም። ወላጆች መርቀው አልጠገቡም።

ከመራቂዎቹ አንዷ ገበያ ውስጥ ጨርቅ የምትሸጠው ሀሲና ነበረች። አንድ ቀን የአራት ዓመት ልጇን ሳብሪያን ከማቆያው ወስዳ መንገድ ሲሻገሩ የአይሱዙ ጎማ ፈነዳ። ሳብሪያ የእናቷን እጅ መንጭቃ አስፋልቱ መሀል ልጥፍ አለች። የሚመጣው ባጃጅ አላያትም።

እግሯ ተሰበረ። ባሕር ዳር ሆስፒታል የሚወስደው መንገድ ያን ሰሞን ዝግ ስለነበር ወጌሻ አሰረላት፤ አጥንቱ ተጣሞ ገጠመ።

ሀሲና ማቆያው ድረስ መጣች። አልጮኸችም። ከባጃጁ ሥር ሲያወጧት ልጅቷ አፏን የከፈተችው «ድመቷ ሄደች?» ብላ ለመጠየቅ ብቻ እንደነበር ለእፀገነት ነገረቻት።

«ያስተማርሻት አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው አንቺው አስረሺያት።»

የአይጦቹ ሥዕል የተነሳው በማግስቱ ነው። በቦታው የትልቅ ሰው ቀሚስ ጨምድዶ የያዘ ልጅ ሥላ ለጠፈች። ጧ ሲል መያዝ እንጂ መተኛት የለም አለቻቸው። ትሪውን መታች። ሁሉም ወለሉ ላይ ተነጠፉ። አንዱ ከተኛበት ቀና ብሎ ሳቀባት፤ «እትዬ ቆማ ቀረች! ተበላሽ!»

ይኸው እስከ ዛሬ ትሪ ትመታለች። አንዳንዶቹ ቀሚሷን መያዝ ጀምረዋል፤ የውጭ በር ሲላተም ግን እነሱም መሬት ላይ ናቸው። ተኩሱም አልቆመም፤ ቤት ውስጥ ሲሆኑ መተኛታቸው አሁንም ያድናቸዋል። ቤት ውስጥ ተኛ፣ መንገድ ላይ አትተኛ ማለት ይቻላል፤ የአራት ዓመት ልጅ ግን ጧ ሲል ቆሞ አይመርጥም። ሳብሪያ ወደ ማቆያው አልተመለሰችም። ጎረቤት ቆርቆሮ ሲመታ ከነጠማማ እግሯ አልጋ ሥር እንደምትገባ ሀሲና ለሰው ተናግራለች።

ስለ እፀገነት ልጽፍ መሆኔን ስነግራት የእኔን ታሪክ ተወው አለችኝና ይህን ብቻ እንዳደርስላት ለመነችኝ፦

«ከበሩ ወዲያ እኔ የለሁም። መኪናና ባጃጅ የምትነዱ ሁሉ፣ ጎማ ሲፈነዳም ሆነ ተኩስ ስትሰሙ መጀመሪያ ፍሬን ያዙልኝ፤ ከዚያ መሬት መሬቱን እዩ። የተኛ ልጅ ካገኛችሁ እንዳትቆጡት፤ ከተቆጣችሁት ይብሱን ይለጠፋል። ዝም ብላችሁ እቀፉና ከመንገድ አውጡልኝ።»