ሰይድን ዛሬ ያስፈተንኩት እኔ ነኝ

ዛሬ ወልድያ፣ ኮሌጅ ፈተና ክፍል ውስጥ ጮክ ብዬ «መልሱ ሐ ነው!» አልኩ። ፈታኟ ወረቀታችንን ልትነጥቅ መጣች።

ተፈታኙ የመርሳው ጎረቤቴ ሰይድ ነው፤ ዓይነ ስውር ነው። ኮሌጁ የመደበለት አንባቢ በጦርነቱ ተፈናቅሎ አልተመለሰም። አንባቢ ካጣ ደግሞ ዓመቱ ይቃጠልበታል። ስለዚህ ዘንድሮ ከማታ ትምህርት አንደኛ የወጣሁት እኔ ሄድኩለት። (አራት ተማሪ ነበርን።)

የማታ ክፍላችን ውስጥ ጥያቄ ያነበበ ሰው መልሱንም ጮክ ብሎ ይናገራል። ለምዶብኝ ነው።

ሰይድ ግን «መምህር፣ ወላሂ መልሱ ስህተት ነው» አላት።

ጥያቄውን አየችና «እውነትም። ቀጥሉ» አለችን።

ስንወጣ ሰይድ «ነገም አደራ፣ እንዳትቀር» አለኝ። «አንተ ያልከውን ስተወው ምርጫው ሦስት ብቻ ይቀራል።»

እናንተስ ለማን አንብባችሁ ታውቃላችሁ? ጻፉልኝ፤ ቀስ ብዬም ቢሆን ሁሉንም አነበዋለሁ።